ሰው የማያስጠራው ዊንች

ዊንቹ ቡሬ ውስጥ፣ በባንተአምላክ የብየዳ ቤት፣ ከተቆራረጠው ላሜራ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ከአንድ ያረጀ የጭነት መኪና አፍንጫ የተነቀለ ነው፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ግራሶ ጠጥቶ፣ የሽቦ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ሲታይ አዲስ ነኝ ማለት ይቃጣዋል። ገደፋው ወንዳወቅ ሊያየው ሲመጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ከፍኖተ ሰላም ተሳፍሮ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዊንቹን ይነካካል፤ ገመዱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይመለሳል።

ገደፋው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው አንድ ዊንች ለማስገጠም ሦስት ጊዜ መመላለሱ ባንተአምላክን ግራ አጋብቶታል። ባንተአምላክ እጁ የተባረከ በያጅ ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም።

«ጋሼ ገደፋው፣ ምኑ ነው የሚታሰበው?» አለ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ሻንሲው ላይ ወፍራም ብረት እበይዳለሁ፤ ይኸን አስቀምጬ በአራት ቡሎን አጠብቀዋለሁ፤ ከባትሪው ጋር አገናኘዋለሁ፤ አለቀ። ጭቃ ሲይዝዎት ገመዱን ስበው ዛፍ ላይ ያስራሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ መኪናዋ ራሷን ጎትታ ትወጣለች። አንድም ሰው መጥራት አያስፈልግዎትም።»

ገደፋውን ሦስት ጊዜ ያመላለሰችው ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። አንድም ሰው መጥራት አያስፈልግም። ባንተአምላክ እንደ ዋዛ ነው የተናገራት፤ ገደፋው ግን እንደሰማት አንገቱን ደፋ።

«እስከ መቼ ትይዝልኛለህ?»

«እስከ ቅዳሜ። ከአዴት አንድ ባለ ትራክተር ጠይቆኛል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው ያቆየሁት።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ደግሞ ከፊት ልግጠመው ከኋላ? የሚያስቸግርዎት ቦታ ላይ ዛፉ በየት በኩል ነው? አይተው ይምጡና እንደዚያው አደርገዋለሁ።»

«የሚያስቸግረኝ ቦታ አንድ ነው» አለ ገደፋው። የቦታውን ስም ግን አልተናገረም፤ ተሰናብቶ ወጣ።

ገደፋው የወፍጮ ጠጋኝ ነው። ከአዴት እስከ ሰከላ፣ ከቋሪት እስከ ቡሬ ዙሪያ በየገጠሩ ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እሱ ነበር። ድንጋይ ይወቅራል፣ ኩሽኔታ ይቀይራል፣ የተበጠሰ ቺንጋ ይቀጥላል፣ እምቢ ያለ ሞተር ያስነሳል። ወፍጮ ቆመ ማለት ለገጠር ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሴቶቹ እህል ተሸክመው የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዳሉ፣ ቤት ያሉት ሕፃናት ዱቄቱ እስኪመጣ ጦማቸውን ይውላሉ። ስለዚህ ገደፋው በሄደበት ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ነበር የሚቀበለው።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ሰው ማስቸገር አይችልም። ጉሮሮው ደርቆ እንኳ ውሃ ስጡኝ አይልም፤ መንገድ ቢጠፋው ጠይቆ ከማወቅ ዞሮ መመለስን ይመርጣል። የአገሩ ሰው ይህን ጨዋነት ይለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከጨዋነት ይልቅ ኩራት ይበዛበታል፤ ለሁሉ ሰው እየደረሰ ለእሱ ማንም እንዳይደርስለት የሚሻ ሰው፣ ሳይታወቀው ሌላውን ከራሱ አሳንሶ አይቷል።

ይህን ጉድለቱን ሸፍና ያኖረችው ሚስቱ ቻይነሽ ነበረች። ቻይነሽ ከቡሬ አጠገብ ከአገው ቤተሰብ የተወለደች፣ በአማርኛም በአገውኛም ሰው የምታስቅ፣ ድምፅዋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ልጅ አልሰጣቸውም። ለብቻዋ ቤት መቀመጥ ስለመረራት ገና ከጥዋቱ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ አብራው መዞር ጀመረች።

መኪናቸው አሮጌ ሚኒባስ ናት። አልጋ የገባላት በቻይነሽ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ቡሬ ላይ ባልና ሚስት ፈረንጆች ካምፐር ቫን የሚሏትን፣ ሆዷ ውስጥ አልጋና ምድጃ ያላትን መኪናቸውን አቁመው ሙዝ ሲገዙ፣ ቻይነሽ በመስኮት አንገቷን አስግጋ ሁሉን አየች። «እኛስ ምን ከለከለን?» አለች። በሳምንቱ ገደፋው የኋላውን ወንበሮች ነቅሎ የጣውላ አልጋ ሠራላት፤ መደርደሪያ መታ፤ ለቡታጋዙ ቦታ አበጀ። እሷ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰፋች። ከዚያ ወዲህ ገጠሬው መኪናዋን «ባለ አልጋዋ» እያለ ይጠራት ጀመር።

የፈረንጆቹ መኪና አፍንጫ ላይ ዊንች ነበረ። ቻይነሽ ምን እንደሆነ አስጎብኚያቸውን ጠየቀች። ጭቃ ሲይዛቸው ራሳቸውን የሚጎትቱበት ነው ሲላት ከት ብላ ሳቀች።

«ምነው፣ ሰው የላቸውም እንዴ?» አለች።

ገደፋው ያን ቀን አብሯት ስቋል። ቃሏ እንደ ድንጋይ ተመልሶ የሚመታው ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን አላወቀም።

ክረምት ሲገባ የቋሪት ጥቁር አፈር መኪና አይምርም። ባለ አልጋዋ በተያዘች ቁጥር ሥርዓቱ አንድ ነበር። ገደፋው መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያፈጣል፤ የሆነ ነገር የሚመረምር ይመስላል። ቻይነሽ ጫማዋን አውልቃ ትወርድና ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጣራለች። «ኧረ የአገር ሰው! ኧረ ወዲህ በሉ!» ያን ጊዜ በየማሳው ያለው አራሽ በሬውን ከሞፈር ይፈታል፤ ቀንበሩን እንደተሸከሙ ሁለት ሦስት ጥማድ በሬዎች ይመጣሉ፤ መጫኛው ይታሰራል፤ መኪናዋ እየተንገራገጨች ትወጣለች። ቻይነሽ ቆሎዋን ታድላለች፣ ከአንዱ ጋር ትቀልዳለች፣ የሌላውን ልጅ ስም ትጠይቃለች። ገደፋው ዝቅ ባለ ድምፅ «አስቸገርናችሁ» ይልና ሞተሩን ያስነሳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ገደፋው አንድ ቀን እንኳ ተጣርቶ አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ የማርያም ዕለት፣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ባልና ሚስቱ ጥቁር ውሃ ከሚባለው ወንዝ ማዶ የወይዘሮ ማሚቱን ወፍጮ ሲጠግኑ ሰንብተው ነበር። ማሚቱ ባሏ የሞተባት፣ ያችን ወፍጮ ይዛ መንደሩን የምታስፈጭ ሴት ናት። ንጋት ላይ ቻይነሽን ሆዷን በቀኝ በኩል ወጋት። መጀመሪያ ቀለደችበት። ከዚያ ዝም አለች፤ ቻይነሽ ዝም ካለች ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። የመንደሩ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። ገደፋው አልጋው ላይ አስተኝቷት ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሊገሰግስ ተነሣ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥቁር ውሃ ዳር ሲደርስ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ።

የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ሩቅ አይደለም፤ የከበሮው ድምፅ፣ እልልታው፣ ሁሉም ይሰማ ነበር። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከታች ቀና ሲሉ ይታይ ነበር።

«ገዴ፣ ሂድና ጥራቸው» አለችው ቻይነሽ ከአልጋው ላይ።

ገደፋው ቀና ብሎ ጉብታውን አየ። ያሰበው በሬ ነው። በማርያም ዕለት በሬ የሚጠምድ የለም፤ ጥመዱልኝ ብሎ መለመን አገሩን በዓል ማሻር ነው። ታቦት ወጥቷል፤ ሰው ከዘመረበት ተነሥቶ ነጭ ልብሱን ለብሶ ጭቃ ግባልኝ ይባላል? «አሁን ትወጣለች፤ አንዴ ልሞክር» አላት። በአካፋ ጎማውን ዙሪያ ቆፈረ፤ ከወንዙ ድንጋይ እያመጣ ጠቀጠቀበት። ጎማው ባለበት ተሽከረከረ።

«ጥራቸው እኮ አልሁህ።»

«አሁን ትወጣለች ቻይንዬ፤ አንዴ።»

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው፤ አሁንም ያንኑ መለሰላት። «እሽ» አለችና ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከክብረ በዓሉ ቀድመው የወጡ ሰዎች ወደ ወንዙ ሲወርዱ አዩት። አንዱ ወደ ጉብታው ዞሮ ተጣራ። ከዚያ የሆነውን ገደፋው እስከ ዛሬ በዓይኑ ላይ ያየዋል። ወንዱ ሁሉ እየሮጠ ወረደ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። በሬ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። መጫኛውን አስረው ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ጎልማሶች በእጃቸው ጎተቱ፤ የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ቴዎፍሎስ፣ ዳር ላይ መስቀላቸውን ይዘው «በስመ ሥላሴ፣ አንድ ላይ!» ይሉ ነበር። አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ለመድገም በማይበቃ ጊዜ መኪናዋ ደረቅ መሬት ላይ ወጣች። ማሚቱ ዘላ ገባችና የቻይነሽን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ፍኖተ ሰላም ድረስ አብራ ሄደች።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ» ብሎ ጀመረና የገደፋውን ፊት ሲያይ የቀረውን ዋጠው። ቻይነሽ በማግስቱ ረፋድ ላይ ዐረፈች።

ገደፋው ባለ አልጋዋን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሸራ አለበሳት። ሦስት ዓመት ከቤቱ ሳይርቅ ሠራ፤ ተፈትቶ የመጣለትን ይጠግናል፣ የማይመጣውን አልችልም ይላል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ለሁሉም ተዘጋ፤ በበጋ ሲከፈት ግን ለእሱ አልተከፈተም። ለቅሶ ሊደርሱ ለመጡት ሁሉ ጭቃ ያዘን አለ፤ ቀኑ በዓል ነበር አለ። ጥራቸው ብላው እንደነበር ለማንም አልተናገረም። ይህችን አንዲት ነገር ለንስሐ አባቱ እንኳ ደብቆ ያዛት፤ እሷም ከውስጥ በላችው።

በሚያዝያ ማሚቱ ስልክ ደወለች። ወፍጮዋ ቆሟል። ድንጋዩ ተነቅሎ የሚመጣ አይደለም፤ እሱ መሄድ አለበት። በሳምንቱ ደግማ ደወለች። በግንቦት ደግሞ ደወለች። በእያንዳንዱ ጥሪ ገደፋው ያችን የሚስቱን ራስ የደገፈች እጅ ያስባታል፤ እምቢ ማለትም፣ እሺ ማለትም አቃተው። በመጨረሻ ከራሱ ጋር እንዲህ ተስማማ፤ ዊንች ካስገጠምሁ እሄዳለሁ። ዊንች ካለ ከዚያ ወንዝ ዳር ቆሞ ወደ ጉብታው ቀና ብሎ ማየት አይኖርም። ማንንም አይለምንም፤ ማንንም አይጠብቅም። ባንተአምላክ ስለ ብረቱና ስለ ባትሪው ሲያወራለት እሱ የሚያስበው ይህን ነበር።

እና ባንተአምላክ ዛፉን አይተው ይምጡ ብሎታልና ከቡሬ በተመለሰ ማግስት ወደ ገበዝ ማርያም ከተማ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ። ቀሪውን በእግሩ ሄዶ ከቀትር በፊት ጥቁር ውሃ ደረሰ።

ክረምቱ ገና ስላልገባ ወንዙ ቀጭን ነበር። የሰመጠበትን ቦታ ለማግኘት አልተቸገረም፤ የጠቀጠቃቸው ድንጋዮች አሁንም እዚያው ናቸው። የዊንቹ ገመድ ርዝመት ሠላሳ እርምጃ እንደሚሆን ቡሬ ላይ ለክቶ መጥቷል። ከድንጋዮቹ ተነሥቶ ወደ ፊት ሠላሳ ተራመደ። ሣር ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ሠላሳ ተራመደ። የታረሰ ማሳ ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ቅርብ ያለው ባሕር ዛፍ ከመቶ አርባ እርምጃ በላይ ነው። ድጋሚ ለካ፤ እግሩ ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ለካ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት የምትለካው?» የሚል ድምፅ ከበላዩ ሰማ።

ቄስ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ በትር ይዘው የሚሄዱ፣ ግን ወገባቸው ያልጎበጠ ሽማግሌ። ገደፋው ሄዶ መስቀል ተሳለመ።

«እንደምን ዋሉ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ገደፋው አይደለህ? ከስተሃል።»

«ዛፍ ነበር የምፈልገው።»

«እዚህ?» ሽማግሌው ቁልቁለቱን በበትራቸው አሳዩት። «እኔ ይህን ደብር ማገልገል ከጀመርሁ አርባ ዓመቴ ነው፤ እዚች ቁልቁለት ላይ ዛፍ ቆሞ አላየሁም። ምን ሊሆንህ ነው?»

ገደፋው ስለ ዊንቹ ነገራቸው። ቄስ ቴዎፍሎስ በጥሞና ሰሙት፤ ገመዱ ስንት እንደሆነ፣ ከምን እንደሚታሰር ጠየቁት።

«እንግዲያ ያን ጊዜ ቢኖርህም ባላወጣህ ነበር» አሉ።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሰሙትን ደምረው ነው የተናገሩት። ለገደፋው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ያሳበበበት ነገር፣ ያን ዕለት የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ዊንች ቢኖር ኖሮ እያለ ራሱን የደለለበት ነገር፣ በሠላሳ እርምጃ አለቀ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ ያን ዕለት ብጠራችሁ ትመጡ ነበር?»

ቄስ ቴዎፍሎስ አርባ ዓመት ለቅሶ ቤት የዋሉ ሰው ናቸው፤ ማጽናኛ ቢፈልጉ ቃል አያጡም። ግን አልፈለጉም።

«እንመጣ ነበር» አሉ።

«ታቦት ወጥቶም?»

«ታቦቱን የያዝነው እኛ ካህናቱ ነን። ጎልማሳው ምን ይዟል? ሌላ ቀን ብትጠራን ነበር የምታጣን፤ ግማሹ እርሻ ነው፣ ግማሹ ገበያ ነው። በማርያም ቀን አገሩ ሁሉ እዚች ጉብታ ላይ ነበር እኮ።»

«እኔ በሬ ነው ያሰብሁት። በዓል ላሽራችሁ ነው ብዬ።»

«በሬ አስበህ ሰው ረሳኸን» አሉ ቄስ ቴዎፍሎስ።

ያን ጊዜ ገደፋው ተናገረ። «ጥራቸው ብላኝ ነበር አባ። ሦስት ጊዜ ጥራቸው አለችኝ። አሁን ትወጣለች እያልሁ እምቢ አልኋት። በመጨረሻ እሽ አለችና ፊቷን አዞረች። ፊቷን አዙራ እንደተኛች ነው የደረሳችሁት።»  ሃምሳ ስምንት ዓመቱ የሆነ ሰው፣ በሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ የቆመ ሰው፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡ። አይዞህ አላሉትም። እንባው እስኪያልቅ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወንዙን ሲያዩ ቆዩ።

«ቀድማ ብትደርስ ትድን እንደነበር እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ይኸን ፈጣሪ ያውቀዋል። አለመጥራትህን ግን ሁለታችንም አወቅነው። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ የሚያዝዙህን ያዝዙሃል። እኔ የምልህ ሌላ ነው። የማሚቱ ወፍጮ ከቆመ ሁለት ወር አለፈው። ሴቶቻችን ገበዝ ማርያም ድረስ እየተሸከሙ ነው። ስንት ጊዜ ደወለችልህ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እንግዲህ እኛ ጠርተንሃል» አሉና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ገደፋው ያን ቀን እስኪመሽበት ሳይጠብቅ ተመለሰ። 

ቅዳሜ ቡሬ ሄደ። ባንተአምላክ መነጽሩን አውልቆ፣ ዛፉ በየት በኩል ነው ብሎ ጠበቀው።

«ለአዴቱ ሰውዬ ስጠው» አለ ገደፋው።

«ምነው? ዕቃው አልጥም አለዎት?»

«ዕቃው ምን አጠፋ! ጥሩ ዕቃ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ዊንቹ ጥፋት የለበትም። ሌላ ሰው ቢሆን አስገጥመው እለው ነበር፤ ጫካ ለጫካ ለሚሄድ፣ ከሰው ርቆ ለሚውል፣ ነፍስ የሚያተርፍ ዕቃ ነው። ገደፋው ግን መድኃኒት መስሎት ሊገዛው የነበረው በሽታውን ነው። ይህን ለባንተአምላክ አላስረዳውም።

«ታዲያ ጭቃ ሲይዝዎት ምን ሊያደርጉ ነው?» አለው ባንተአምላክ።

«እጠራለሁ።»

ባንተአምላክ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ብየዳው ተመለሰ። በልቡ ሰውዬው ጃጅቷል ሳይል አልቀረም።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ሳምንት ዝናብ መሬቱን አረጠበው። ገደፋው ለንስሐ አባቱ የነበረውን ሁሉ ነገራቸው፤ የታዘዘውን ስግደት ጀመረ። ከዚያ ሸራውን ከባለ አልጋዋ ላይ ገፈፈ። ባትሪ ቀየረ፣ ዘይት ቀየረ፣ መጋረጃውን አጥቦ መልሶ ሰቀለው። አልጋውን አልነቀለም። መሮና መዶሻውን፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ አንድ ቺንጋ ጭኖ ለማሚቱ ስልክ ደወለ። «እየመጣሁ ነው» አላት። እሷም ሳታምነው «እሽ» አለችው።

ጥቁር ውሃ ሲደርስ ረፋድ ሆኗል። የወንዙ ዳር ጥቁር ጭቃ ያብለጨልጫል። ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ላያልፍም ይችላል። ገደፋው ደረቁ መሬት ላይ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ማዶ ባለው ማሳ ላይ አራሾች ይታዩታል፤ ጅራፋቸው ይሰማል። ሥራ ላይ ናቸው። ባያስቸግራቸው ምን ነበረበት? ያ አሮጌ ልማዱ መጣበት። አሁን ታልፋለች፤ አንዴ ልሞክር።

ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። ድምፁ ከከንፈሩ ብዙም አልራቀም። ደግሞ ተጣራ። አቅራቢያው የምትግጥ ጊደር ቀና ብላ አየችውና ወደ ሣሯ ተመለሰች። ገደፋው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሃያ ዓመት ከጆሮው ሥር የሰማትን ጥሪ፣ እንደ እሷ አድርጎ፣ ሳንባው የያዘውን ያህል ለቀቃት።

«ኧረ የአገር ሰው! ኧረ ወዲህ በሉ!»

ከማዶ ጅራፉ ቆመ።

«አቤት! ማን ነህ? መጣን!»

ስድስት ሰባት ሰዎች በሬዎቻቸውን ከነቀንበራቸው ትተው እየሮጡ ወረዱ። ከመንደሩ በኩልም ሴቶች ብቅ አሉ፤ ማሚቱ ከፊት ናት። ወንዙን ተሻግረው ሲደርሱ መኪናዋ ደረቅ መሬት ላይ ምንም ሳትሆን ቆማለች።

«የት ነው የሰመጠችው?» አለ ቀድሞ የደረሰው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«አልሰመጠችም» አለ ገደፋው።  «እንዳትሰምጥ ነው የጠራኋችሁ። ሥራ አስፈታኋችሁ።»

ሰውዬው መኪናዋን አየ፣ ገደፋውን አየ። ሊስቅ ብሎ ተወው። ያን ዕለት ከጎተቱት አንዱ ነበር። «ደግ አደረግህ» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ሁለቱ ፊት ፊት እየሄዱ መሬቱን በበትር ወጉ፤ ጠንካራውን መስመር አሳዩት። ሌሎቹ በግራና በቀኝ ተሰለፉ። ገደፋው ሞተሩን አስነሥቶ ባሳዩት መስመር በዝግታ ገባ። ጎማው አንዴ ሸተት አለ፤ ብዙ እጆች ጎኗን ደገፉ፤ ቀጥ አለች። ማዶ ወጣች። የፈጀው ጊዜ አንድ ሰው ጫማውን አስሮ እስኪነሣ ያህል ነው።

ማዶው ላይ ሞተሩን አጠፋ። ሰዎቹ እስኪወርድ ጠበቁት፤ አልወረደም። ማሚቱ መጥታ በሩን ከፈተች፤ ያን ዕለት ዘላ የገባችበት ያው በር ነው። ፊቱን አየችውና መልሳ ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ተዉት» አለች ለሰዎቹ። «ሲችል ይወርዳል።»

ገደፋው ዞሮ አልጋውን አየ። መጋረጃው ከመንገዱ ንቅናቄ ገና ይወዛወዛል።

«ጠራኋቸው ቻይንዬ» አለ። «መጡ።»